ታላቅ አይገፋም

ኦቦ ደቻሳ ከዚህ ዓለም ትርዒት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ነገር ነበር፤ ልጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት። እውነቴን ነው! አንዱ ሠርግ ይወዳል፣ አንዱ የፈረስ ጉግስ ይወዳል። እሳቸው ግን ቅዳሜ ከፉሪ ዳገት በበቅሎ ወርደው ሰበታ ገበያ ሲመጡ፣ መጀመሪያ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጎራ ብለው ዓባይነህን በመስኮት ካላዩ ገበያው ገበያ አይሆንላቸውም። ክራባት አስሮ፣ ከፊቱ ወረቀት ተቆልሎ፣ ሰው ቆሞ «አቶ ዓባይነህ» እያለ ሲለምነው ያዩና፣ ሳያስጠሩት ፂማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ይመለሳሉ። በቃ፣ ጠገቡ።

አይፈረድባቸውም። አንድ ልጅ ነው ያላቸው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንዲሉ፣ ልጁን ከእርሻው አርቀው፣ በሬ እየሸጡ አስተምረው፣ በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከዩኒቨርሲቲ ካባ ለብሶ ወጣላቸው። የካባው ፎቶግራፍ በመስታወት ሆኖ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ አንሺው ለዚያ ትከሻ የሚበቃ ካባ አጥቶ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እንዳያያዘው ግን ከእናቱ ከድንቅቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ልጁ ግዙፍ ነዋ! በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። በርጩማ ላይ ከመቀመጡ በፊት በእጁ ጫን አድርጎ ይፈትነዋል። ብርጭቆ ሲይዝ በሁለት ጣቱ፣ ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ነው። ገበያ መሀል ሲሄድ ሰው እንዳይነካ ትከሻውን ሰብስቦ በጎን ያልፋል። ሰዉም «አቤት ጨዋነት! ይህን የመሰለ ጉልበት ይዞ ዝንብ አይነካ!» ይላል። ኦቦ ደቻሳም ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ይነፋል። እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኩት ማለታቸው ነው።

ታዲያ በስልሳ አራት ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ በቅሏቸው ጫማዋን ጥላ ስታነክስባቸው፣ ሰበታ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ቢሮው ተዘግቷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ደቻሳ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው ዘበኛው ሀሰኖ።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ልጄ የት ሄደ?»

ሀሰኖ በአገጩ ወደ ጓሮው አመለከተ። «ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ናቸው። ግን… ቢቀሩ ይሻልዎታል።»

ቢቀሩ ይሻላል የተባለ ሰው ቀርቶ ያውቃል? ኦቦ ደቻሳ መጋዘኑን ዞረው ሄዱ። ሄደውም አዩ። ባላዩ ይሻላቸው ነበር!

መሬት ላይ ክብ ተሠርቷል። በክቡ ዙሪያ የፋብሪካው ጫኝና አውራጆች ቆመው ያጨበጭባሉ። መሀል ላይ የእሳቸው ልጅ፣ ባለዲግሪው ዓባይነህ ደቻሳ፣ ወገቡ ላይ ከተጠመጠመና በጭኖቹ መካከል ካለፈ አንድ ወፍራም ሸራ በቀር እንደ ተወለደ ሆኖ፣ እግሩን እየነሣ መሬት ይደልቃል። መቀመጫው ለፀሐይ ተሰጥቷል። ፊት ለፊቱ ደግሞ በፋብሪካው ማሽን ተካዮች መካከል የታወቀው ሽማግሌው ጃፓን፣ ሚስተር ኦካዳ፣ እንደዚያው ሸራ ታጥቆ፣ ከጆንያ ጨው እየዘገነ መሬት ላይ ይበትናል።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ ኦቦ ደቻሳ። ዓባይነህ ዞር ሲል አባቱን አየ። የሚገባበት ቀዳዳ ቢያገኝ በገባ ነበር፤ ግን ለእሱ የሚበቃ ቀዳዳ ከየት ይመጣል?

በዚያው ማታ ቤት ውስጥ የሆነውን ተዉት። ድንቅቱ ነገሩን ሰምታ መጀመሪያ የተንገበገበችው በጨው ነው። «ጨው? ከብት የሚልሰውን ጨው መሬት ላይ? እብዶች ናቸው እንዴ?» አለች። ወዲያው ስለ ሸራው ሰማች። «እና ዲግሪህን የት ልታስረው ነው ልጄ? በዚያ ሸራ ላይ?»

ዓባይነህ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነው የመለሰው። «ሱሞ ይባላል፣ እማዬ። የጃፓኖች የጥንት ትግል ነው። ሁለት ሰዎች ክብ ውስጥ ይገጥማሉ፤ ከክቡ የወጣ ተሸነፈ፣ ከውስጥ እግሩ በቀር ሌላ አካሉ መሬት የነካም ተሸነፈ። ሚስተር ኦካዳ በወጣትነታቸው እዚያ ታጋይ ነበሩ።»

«እሱ ነበረ እንበል» አሉ ኦቦ ደቻሳ፤ «አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ሥራዬ ላደርገው ነው አባባ።»

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነበር። የታሰረ የጥጥ ጭነት ከጋሪ ላይ ተንሸራትቶ ሲወርድ ዓባይነህ ከቢሮው ሮጦ በደረቱ አቆመው፤ ጃፓኑም አይቶ በጥጥ ሚዛን መዘነው። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው አልለቀቀውም። አገሩ ላይ የቀድሞ መምህሩ ታጋዮችን በአንድ ቤት ሰብስቦ እያበላ የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ ኦካዳ ደብዳቤ ከጻፈለት ይቀበለዋል። ግን ዕድሜው ሃያ ሦስት የሞላውን አይቀበሉም። ዓባይነህ ደግሞ በመጪው ግንቦት ሃያ ሦስት ሊሞላው ነው። ኦካዳ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ሐሙስ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ይሄዳል። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«ማዕረግ አለው?» አሉ ኦቦ ደቻሳ፤ ለምን እንደ ጠየቁ እሳቸውም አያውቁት።

«አለው እንጂ! በየሁለት ወሩ ነው የሚሾሙትና የሚሻሩት። ስማቸው በብሩሽ ተጽፎ ይወጣል።»

«አንተ ተሹመህ የለም እንዴ? ወንበርህስ?»

ዓባይነህ እጆቹን አየ። «አባባ፣ ወንበሩ ይጮህብኛል። ብዕሩ ይሰበርብኛል። ሰው እንዳልጎዳ፣ ዕቃ እንዳልሰብር ስጠነቀቅ ነው የምውለው። እዚያ ክብ ውስጥ ስገባ ግን ጉልበቴን አምጣ እባላለሁ። ሁሉንም አምጣ! እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ያለ እርስዎ ምርቃት አልሄድም» አለ።

«እንግዲያው አትሄድም» አሉ ኦቦ ደቻሳ፤ ተነሥተውም ወጡ።

ወሬ እግር አለው፤ በማግስቱ ሰበታን አዳረሰ። ባለሱቁ አቶ አሥራት፣ የመንዝ ሰው፣ ምላሱ እንደ አገሩ ብርድ የሚቆነጥጥ፣ ኦቦ ደቻሳን ከሱቁ በር ላይ አስቁሞ «ኦቦ፣ ልጅዎ ዲግሪ ጭኖ ሱሪ አወለቀ አሉ!» አላቸው። ኦቦ ደቻሳ በቅሏቸውን ኮርኩረው አለፉ። ጆሯቸው ግን እስከ ፉሪ ድረስ እየጋለ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጃፓኑን ራሱን ሊያስጠነቅቁ ወረዱ። በመንገድ ላይ ንግግራቸውን ሁሉ አዘጋጅተዋል። «ሰማህ አንተ ሰው፣ ያገሬን ልጅ…» ብለው ሊጀምሩ ነበር። ደርሰው ግን ዓይናቸው መሬቱ ላይ ወደቀ። ክቡ ተሰነጣጥቋል። እንደ ደረቀ ኩሬ! ዳሩ ላይ የተቀበረው የገለባ ገመድ ተገንጥሎ ወጥቷል።

ይህን አይቶ ማን ዝም ይላል? ንግግሩ ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። «ምን ዓይነት አፈር ነው ያመጣችሁት?» ብለው ተቆጡ። «ይህ የወንዝ ዳር መረሬ ነው! እንዲህ ነው አውድማ የሚለቀለቀው? እናንተ ጭቃም አታውቁም?»

ዓባይነህ በእንግሊዝኛ አስተረጎመ። ሚስተር ኦካዳ ጫማውን አውልቆ፣ ወደ ኦቦ ደቻሳ ቀርቦ፣ ከወገቡ እጥፍ ብሎ ሰገደላቸው። ከዚያም በአማርኛ «አሳይ!» አለ። ሦስት ዓመት ሰበታ ሲኖር አማርኛውን ከጫኝና አውራጆች ስለ ተማረ፣ የሚያውቀው ሁሉ ትእዛዝ ነው። ያዝ፣ ልቀቅ፣ አንሣ፣ ግፋ። ከዚያ ወዲያ አማርኛ የለም።

ኦቦ ደቻሳ አሳዩት። ሊያስጠነቅቁ የመጡት ሰውዬ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ከፋብሪካው ጓሮ ቀይ መሬት አስቆፍረው፣ ጭድ አስቆርጠው፣ እበት አስመጥተው፣ ያንን ክብ እንደ ራሳቸው አውድማ ለቀለቁት። ጃፓኑም አብሮ ጭቃ ረገጠ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ሲረግጡ ዋሉ፤ የጭቃው ውፍረት ሲበዛ ኦካዳ ያያቸዋል፣ እሳቸው ውኃ ያስጨምራሉ። ማታ ቤት ሲገቡ ድንቅቱ «አስጠነቀቅከው?» ብላ ጠየቀች።

«መሬት የሚያውቅ ሰው ነው» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

ክቡ በደረቀ ቀን ታዲያ «እስቲ ይዘልቅ እንደሆነ ልይ» ብለው ሄዱ። ማንን ለማታለል እንደሆነ እንጃላቸው። እዚያ ቆመው ልጃቸው ጫኝና አውራጆቹን በየተራ ከክቡ ሲያስወጣ አዩ። አንዱን ገፋው፣ አንዱን አሽከረከረው፣ አንዱን በሸራው አንጠልጥሎ እንደ ሕፃን ከዳር አስቀመጠው። ኦቦ ደቻሳ ሳያስቡት «ጀባዱ! በርታ!» ብለው ጮኹና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ወዲያው ኦካዳ ራሱ ገባ። እግሩን ከፍቶ ቆመ፣ ደረቱን በመዳፉ መታ፣ «ግፋ!» አለ።

ይኸኔ ዓባይነህ ሌላ ሰው ሆነ። ተንደርድሮ መጣ፣ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ጉልበቱ ከዳው። ግንባሩን ሽማግሌው ደረት ላይ እንደሚሳለም ሰው አሳረፈው። እጆቹ እንደ ቄጠማ ልፍስፍስ አሉ። «ግፋ! ግፋ!» ይላል ኦካዳ፤ ልጁ ያልበዋል እንጂ አይገፋም። አምስት ጊዜ ሞከሩ፤ አምስቱንም ያው ነው። ዓባይነህ በኋላ ለአባቱ እንዳስረዳው፣ ይህ የሱሞ ሥርዓት ነው። ታላቁ ለታናሹ ደረቱን ያበድረዋል፤ ታናሹ ደግሞ ባለው ጉልበት ሁሉ እስከ ዳር ገፍቶ ነው የሚያመሰግነው። ያልገፋ ታላቁን ናቀ ማለት ነው። ኦካዳን መግፋት ያቃተው ሰው መምህሩ ቤት አንድ ቀን አያድርም፤ ስለዚህ ደብዳቤው አይጻፍም።

ኦካዳ ላቡን እየጠረገ ወደ ኦቦ ደቻሳ ዞረና በዓይኑ ጠየቃቸው። ለምን? የሚል ዓይን ነው።

ኦቦ ደቻሳ ለምን እንደሆነ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ዓባይነህ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በመስቀል ማግስት ልጆች ሜዳ ላይ ሲታገሉ፣ የኦቦ ደቻሳ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኢቲቻ ጠላ ሞቅ አድርጓቸው «ና እስቲ አንተ ዝሆን፣ እኔን ግጠመኝ!» አሉት። ልጁ ጨዋታ መስሎት ገጠመ። አንሥቶ ጣላቸው። የኦቦ ኢቲቻ ክንድ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ኦቦ ደቻሳ በሰው ፊት እሳት ልሰው ተነሡ። የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ድንጋይ በልጁ ማጅራት ላይ ጭነው፣ ከቤታቸው ወንዙን አሻግረው እስከ ወንድማቸው ደጃፍ ነዱት። በአገሩ ወግ፣ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል። ኦቦ ኢቲቻ ወዲያው «አንሡለት፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጅ ነው» አሉ። ኦቦ ደቻሳ ግን አልበቃቸውም። ልጁ እንደ ተንበረከከ፣ «ታላቅ አይገፋም! ስማኝ፣ ታላቅ አይገፋም! ይህ እጅህ ዳግመኛ በታላቅ ላይ ቢነሣ ልጄ አይደለህም!» አሉት። ልጁ አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በርጩማውን እየፈተነ መቀመጥ፣ ብርጭቆውን በሁለት ጣት መያዝ ጀመረ። ሰዉም አቤት ጨዋነት አለ።

እንግዲህ ኦቦ ደቻሳ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆመው ይህን ሁሉ አስታወሱና ምን አደረጉ? ምንም። ዝም አሉ። መከልከል እንኳ አላስፈለጋቸውም። ዝም ካሉ ጃፓኑ ሐሙስ ይሄዳል፣ ልጁ ወንበሩ ላይ ይቀራል፤ እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ በመስኮት ያዩታል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? በቅሏቸው ላይ ሲወጡ በልባቸው ደስ አላቸው። አልዋሽም፣ ደስ አላቸው።

ደስታው እስከ ጥምቀት ዘለቀ። በጥምቀት ማግስት ዓባይነህ ወደ ቤት መጣ። «አልሆነልኝም አባባ። በቃ፣ ትቼዋለሁ» አለ። አልተቆጣም፣ አላኮረፈም። ጥግ ያለችውን በርጩማ ጫን አድርጎ ፈተናት፣ ተቀመጠ፣ እናቱ የሰጠችውን የጠላ ብርጭቆ በሁለት ጣቱ ያዘ። ኦቦ ደቻሳ እነዚያን ሁለት ጣቶች አዩ። ዓይናቸውን ማንሣት አቃታቸው። እንደ ግንድ ያለ ክንድ፣ ሞፈር የሚሰብር ክንድ፣ ብርጭቆ እንዳይሰብር ይጠነቀቃል። አንጀታቸውን በላው።

ልጁ ሲወጣ ድንቅቱ ገበታውን እየወለወለች፣ ሳታያቸው፣ «አሁን ደስ አለህ፣ የዓባይነህ አባት?» አለች።

«አንቺስ አልጠላሽውም ነበር እንዴ?»

«ሸራውን ነው የጠላሁት። ልጄን አልጠላሁም» አለች።

ዝምታው ነቀዘ። ኦቦ ደቻሳ በማግስቱ ወንዙን ተሻግረው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ሄዱ። ኦቦ ኢቲቻን ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ፣ ያንን አንድ ጊዜ ተሰብሮ ትንሽ ጠመም ብሎ የገጠመ ክንዳቸውን እያሻሹ አገኟቸው። ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። እሳቸውም በመቆጣት፣ በማዘን ፈንታ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«አንተ ሞኝ!» አሉ። «እኔ እኮ በዚህ ክንድ ስኮራ ነው የኖርኩት! ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ፣ የወንድሜ ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጣለኝ እላለሁ። ዘመዴ ጉልበተኛ ሲሆን አልወድም እንዴ?»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩን የጫንከው አንተ ነህ። እኔ አውርዱለት ብዬ ነበር» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፤ ወደ ፀሐያቸውም ተመለሱ።

እሑድ፣ ኦካዳ ሊሄድ አራት ቀን ሲቀረው፣ ኦቦ ደቻሳ ጃፓኑን ከዓባይነህ ጋር ቤታቸው ጠሩት። ለስንብት ነው አሉ። እንግዳው ጠጅ ቀማምሶ ሊሄድ ሲነሣ፣ ወደ አውድማው ወሰዱት። ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፤ ጭዱ ከዳር ተከምሯል። የተለቀለቀው መሬት ተጠርጎ፣ ዙሪያውን በገመድ ክብ ተደርጎበታል። ከክቡ አጠገብ ደግሞ ጨው ነበር፤ የከብቱን ጨው ቀጥቅጣ በሰፌድ ያስቀመጠችው ድንቅቱ ናት። ኦካዳ ይህን ሲያይ ጫማውን አወለቀና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የመጨረሻ ሞክሩ» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

ኦካዳና ዓባይነህ፣ ኦቦ ደቻሳ ከፋብሪካው ያስመጡትን ሸራ ታጥቀው ገቡ። ኦካዳ ደረቱን መታ። «ግፋ!» ዓባይነህ ተንደረደረ፤ ደረሰ፤ እጁ ልፍስፍስ አለ። ሁለተኛ። ያው። ኦካዳ የልጁን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ዝቅ ብሎ ጫማውን አነሣ። አለቀ ማለቱ ነው።

ይኸኔ ኦቦ ደቻሳ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ለድንቅቱ ሰጧት። ቀጥሎ ሸሚዛቸውን አወለቁ። ስልሳ ዓመት ያረሰ ደረት፣ ሽበት የወረረው፣ ለብርዱ ተጋለጠ። ገመዱን ተሻግረው ገቡና እግራቸውን እንደ ኦካዳ ከፍተው ቆሙ።

«ምን ነካዎት አባባ!» አለ ዓባይነህ።

«ግፋኝ።»

«አባባ፣ በማርያም! እንዴት ብዬ ነው እርስዎን…»

«ዓባይነህ፣ ስማኝ።» ኦቦ ደቻሳ አንድ እርምጃ ቀረቡት። «ያንን ድንጋይ የጫንኩብህ እኔ ነኝ። ኢቲቻ አውርድለት ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ዘጠኝ ዓመት ተሸክመኸዋል። ጨዋ ልጅ ወለድኩ እያልኩ ስኮራ፣ ለካ ልጄን አጉብጬው ነው። ከእኔ በቀር የሚያወርድልህ የለም። ታላቅ አይገፋም ያልኩህ አባትህ ነኝ፤ ግፋኝ የምልህም አባትህ ነኝ። ምርቃቴን ከፈለግህ ምርቃቴ እዚህ ደረቴ ላይ ነው። ና ውሰዳት።» ደረታቸውን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱና፣ ስሜት ሲይዛቸው ወደሚመጣላቸው ወደ እናታቸው ቋንቋ ዞረው ያንኑ ግፋኝ፣ ልጄ አሉት። «ና ዺቢ! ኢልማ ኮ፣ ና ዺቢ!»

ልጁ ቆመ። ድንቅቱ ጋቢውን ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ግፋዋ! አባትህ እኮ ብርድ እየመታው ነው!» ብላ ጮኸች።

ዓባይነህ ጎንበስ አለ። መጣ። በመጀመሪያ ግንባሩ ደረታቸው ላይ ሲያርፍ ያው የመሳለሙ ነገር ነበር። ኦቦ ደቻሳ «ይህ ነው ጉልበትህ?» ብለው መልሰው ገፉት! የገበሬ እግር ናት፣ መሬት ስትይዝ ቀላል እንዳትመስላችሁ፤ ልጁን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መለሱት። ጫኝና አውራጅ ያልመለሰውን! ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ጣቶቹ አሥሩም ተዘርግተው አባቱን ከጎንና ከጎን ጨበጡ። አጨባበጡ አመማቸው። የጎን አጥንታቸው ሲጢጥ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ልጅ ሳይጠነቀቅ ነክቷቸው አያውቅም ነበርና፣ እያመማቸው ደስ አላቸው። ተረከዛቸው በአውድማው ላይ ሁለት መስመር እየቀደደ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ገመዱ ጋ ደረሱ፤ አንድ ጊዜ ያዙ፤ ከዚያ መሬት ከሥራቸው ጠፋች።

ጭድ ክምሩ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገቡ።

ዓባይነህ ሁለት እጁን እያየ ደርቆ ቀረ። ከጭዱ ውስጥ መጀመሪያ ሳል ወጣ። ቀጥሎ ከገለባ ጋር ሳቅ ወጣ። «ወይኔ ጉልበት!» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «ወይኔ! ይህን ነው እንዴ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት? እግዜር ይባርክህ፣ ዋቃ ይባርክህ፣ ክንድህ አይዛል፣ እግርህ አይንሸራተት፣ የገጠመህ ሁሉ እንደ አባትህ ጭድ ውስጥ ይግባ! እኔን አታንሣኝ፣ ተወኝ፣ እዚህ ይሞቃል። ሂድ፣ ያን ሰውዬ ግፋ!»

ኦካዳ ጫማውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተመልሶ ገብቶ ነበር። ደረቱን ለመምታት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ዓባይነህ አንድ ጊዜ ጮኾ መጣና፣ ያንን የድሮ ታጋይ ከመሀል እስከ ዳር፣ ከዳርም አልፎ፣ ከኦቦ ደቻሳ አጠገብ ጭዱ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን፣ ፂማቸው ገለባ ለብሶ፣ ተያዩ። ኦካዳ አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ። የሚያውቀውን አማርኛ ሁሉ ፈለገና፣ የኦቦ ደቻሳን እጅ ይዞ «ያዝ» አለ። እሳቸውም ያዙ።

ደብዳቤው ሰኞ ተጻፈ። ዓባይነህ በመጋቢት ሄደ። የካባው ፎቶግራፍ ምሰሶው ላይ እንዳለ ነው፤ ድንቅቱ ሻንጣው ውስጥ ከሸራው ጋር ጨው ቋጥራ ከተተችለት፤ የሰው አገር ጨው ይጠንክር ይላላ አይታወቅም ብላ።

ኦቦ ደቻሳ ግን የጎናቸው ሕመም ቶሎ አልለቀቃቸውም። ልጁ ገና ሳይሄድ፣ በጥር መጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በቀስታ ጎናቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ያ ምላሰኛው አቶ አሥራት በሰው መሀል አያቸው።

«ምነው ኦቦ፣ ጎንዎን ምን ሆኑ?»

ኦቦ ደቻሳ ቆሙ። ሰዉ ሁሉ እስኪሰማ ጠበቁ። ፂማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ልጄ ጣለኝ» አሉ።